የጎማው ጥርስ

አራት ሺህ ሼቄል ይዤ ነበር ብስክሌት መሸጫው የገባሁት። ከክርያት ሐይም ወደቡ ድረስ ለሥራ የምሄድበት መንገድ አስፋልትም ጠጠርም ስላለው፣ የተራራ ብስክሌቴን ትቼ ለሁለቱም ይሆናል የሚባለውን፣ ግራቭል የሚሉትን ብስክሌት ልገዛ ነው። ሻጯ የእኛው የሐበሻ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ አንቱ ማለት የማታውቅ።

«ጠጠሩ ምን ያህል ነው?» አለችኝ።

«ግማሹ።»

ወጥታ የብስክሌቴን ጎማ ዳበሰች። «አባባ፣ የመሃሉ ጥርስ አልቋል፣ የዳር የዳሩ አዲስ ነው። የምትነዳው አስፋልት ላይ ነው። ጠጠሩ የበዛብህ ስለሚያንገጫግጭህ ነው። ለስላሳ ጎማ ልቀይርልህ፣ ቤሰደር፣ እሺ?»

«አለቃሽ ቢሰማ ያባርርሻል።»

«አለቃዬ አማርኛ አይሰማም።»

ጎማዎቹን በሁለት መቶ ቀየርኩ። በማግስቱ በሰዓት ለካሁት፤ ከአርባ ደቂቃ ጠጠሩ ስድስት ነው። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሼቄል ተረፈኝ፤ አንቱታዬ ቢቀነስበትም ትርፍ ነው።