ከክሱ የተሰረዘው ስም

በስደት በምንኖርባት በኮሎምቢያ ሃይትስ ከተማ ጎረቤታችን የሆኑትን ጋሽ ሙሉጌታን አንድ የዘረኞች ቡድን መክሮ የላካቸው ጎረምሶች ቀኝ ክንዳቸውን ሰበሯቸው። ቡድኑን ሊከሱ ቆርጠው፣ ለጠበቃ የሚሰጡትን የተከሳሾች ዝርዝር አሳዩኝ። መጨረሻው ላይ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? በቲክቶክ «ባንዳ» ያላቸው አበሻ!

«ጋሼ፣ እሱ እኮ አልመታዎትም።»

«እነዚያስ በአፍ አይደል የጀመሩት?»

እኔ ደግሞ ማስረዳት አይሰለቸኝም። «እነዚያ ተማክረው ደብዳቢ ላኩ፤ እሱ ተሳደበ እንጂ ማንንም አልላከም። ስድብ ብቻውን የሚያስከስስ ከሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሴንት ፖል፣ ካፒቶል በሚባለው ምክር ቤት ፊት ባለሥልጣኑን በሜጋፎን የሚሞልጩትን እርስዎን ማን ይምርዎታል?»

ዝርዝሩን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ በግራ እጃቸው እስክሪብቶ አንስተው የአበሻውን ስም ሰረዙ።

«ይለፍልፍ፤ ቅዳሜ በሜጋፎን እመልስለታለሁ» አሉና ከቡድኑ ስም ሥር ሁለት ጊዜ አሰመሩ። «እነዚህን ግን አልለቃቸውም!»