ጥቁሪት ነጣች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የትርሲት የሴቶች ፀጉር ቤት፤ ረፋድ ላይ። ፀጉር ሠሪዋ ትርሲት ቀለም እየበጠበጠች፣ የልብ ወዳጇ አስካለ ደግሞ አንዲት ፀጉራም፣ አመድማ ትንሽ ውሻ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ይጨቃጨቃሉ።

አስካለ፦ ከኔ ከተረፈው ብትቀቢያት ምን ይጎድልብሻል?

ትርሲት፦ ስሜ ይጎድልብኛል! በሩ ላይ የተጻፈውን አላየሽም? የሴቶች ፀጉር ቤት ነው የሚለው።

አስካለ፦ እሷስ ሴት አይደለች?

ትርሲት፦ አቦ ተይኝ አስካልዬ! ዛሬ ውሻ ቀባሁ ማለት ነገ ሰው ሁሉ ፍየሉን እየጎተተ ይመጣብኛል።

አስካለ፦ ማን ያያል? መጋረጃውን ዝጊዋ። ጆሮዋን፣ ጀርባዋን፣ ጅራቷን ለቅለቅ ማድረግ ነው፤ ፊቷን ተዪው። ውሻዋን የሰጠኝ ደረሰ እኮ ከሰዓት ይገባል። ከአውሮፕላን እንደወረደ ቀጥታ የሚመጣው እኔ ቤት ነው። በሩን ስከፍትለት ገና እንኳን ደህና መጣህ ሳልለው "ጥቁሪትስ?" ነው የሚለኝ። ምን ላሳየው? ይቺን?

ትርሲት፦ ይቺ ደግሞ ምን ሆነች? ታምራለች እኮ።

አስካለ፦ ሲሰጠኝ ከሰል ነበረች! ከኩባ በቅርጫት ይዟት የመጣ ጊዜ አንቺም አይተሻታል፤ ዓይኗ ከፀጉሯ አይለይም ነበር። ጥቁር ስለሆነች አይደል ጥቁሪት ያላት? አሁን አሸዋ ገበያ መሃል "ጥቁሪት! ጥቁሪት!" እያልኩ ስጣራ፣ ሰው እሷን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል፣ ከዚያ "ምስኪን፣ ፀሐይ መትቷት ነው" ይላል።

ትርሲት፦ ሃሃሃ! የድሬ ፀሐይ ሁላችንንም አጥቁሮን እሷን ብቻ አነጣት? አድልዎ ነው ይሄ።

አስካለ፦ ሳቂ አንቺ። መጀመሪያ አገጯ ላይ ነው ነጣ ያለው። ወተት ጠጥታ ነው ብዬ ጠረግኩላት። አይለቅም። ሳሙና አመጣሁ። አይለቅም። ሰንበት ብሎ ቅንድቧ፣ ከዚያ ጆሮዋ ሥር። አንድ ቀን ጀርባዋን ገለጥ ባደርገው ጫፉ ብቻ ጥቁር፣ ሥሩ አመድ! ልክ እንደኔ፣ ቀለም ሳልቀባ የሰነበትኩ ጊዜ እንደሚሆነው።

ትርሲት፦ ለሐኪም አላሳየሻትም?

አስካለ፦ አሳይቻለሁ እንጂ። የእንስሳት ሐኪሙ ሳቀብኝ። "ሃቫኒዝ የሚባለው ዘር እንዲህ ነው፤ ጥቁር ሆኖ የተወለደው ሲያድግ ብርማ ይሆናል፣ ቡኒውም ይደበዝዛል፣ በተወለደበት መልክ የሚያረጀው ጥቂቱ ነው፤ በሽታ የለባትም፣ ውሰጃት" አለኝ።

ትርሲት፦ በቃ ታዲያ! ይሄንኑ ለደረሰ መንገር ነዋ።

አስካለ፦ ደረሰስ ያምነኝ ይሆናል። እህቱ በላይነሽስ? ኤርፖርት ሄዳ የምትቀበለው እሷ ናት። እኔ ጋ እስኪደርስ መንገዱን ሙሉ ጆሮው ላይ ናት። ባለፈው ሰንበቴ ላይ በሰው ፊት ምን አለችኝ መሰለሽ? "ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም፤ ያንቺ ውሻ ነው መልኳን የለወጠችው? ያችኛዋን ጥለሽ ሌላ ለቅመሽ ነው እንጂ! ውሻ ጠብቂ ተብላ ያልጠበቀች፣ ነገ የወንድሜን ቤት ልትጠብቅ?"

ትርሲት፦ ወይ ምላስ! ... ቆይ፣ ቆይ። "የወንድሜን ቤት" ነው ያለችው?

አስካለ፦ አንቺ ደግሞ የማይያዘውን ትይዣለሽ።

ትርሲት፦ አስካለ! ነገሩ እዚያ ድረስ ሄዷል?

አስካለ፦ ... ሊሄድ ሲል ጠይቆኛል።

ትርሲት፦ ምን ብሎ?

አስካለ፦ አብረን እናርጅ ብሎ።

ትርሲት፦ ውይ! ይሄን ያህል ጊዜ አናትሽን ሳሽ አንድ ቃል አልተነፈስሽም? አንቺስ ምን አልሽው?

አስካለ፦ መጀመሪያ ደህና ተመለስ፣ ያኔ እመልስልሃለሁ አልኩት። ለዓይኑ ሕክምና ብሎ ነው ኩባ የሄደው፤ ቶሎ ይመጣል ብዬ። ያደገበት አገር ነውና የልጅነት ጓደኞቹ ሥራ አስይዘው አስቀሩት፣ ይኸው ሁለት ዓመት።

ትርሲት፦ እና አብረን እናርጅ ካለሽ ሰው ነው ሽበትሽን የምትደብቂው?

አስካለ፦ አብረን አለ እንጂ ቀድመሽ ጠብቂኝ አለኝ?

ትርሲት፦ ሃሃሃ! አንቺን መርታት የሚቻል መስሎኝ! አምጫት እስቲ ልያት። ... እሰይ፣ ምን ይልስላሳል! ይሄ እኮ ሐር ነው። ድሮ ጥጥ የመሰለ አልነበር እንዴ ፀጉሯ?

አስካለ፦ የቡችላ ፀጉሯ ነዋ እሱ፣ ባዘቶ ነበር የሚመስለው። ዓመት ሊሞላት ሲል ያ ሊረግፍ፣ ይሄ ሊበቅል፣ ሁለቱ ተያይዘው ተቋጠሩልሽ። ማበጠሪያ አይገባ! ጠዋት እፈታለሁ፣ ማታ ገመድ ሆኖ አገኘዋለሁ። ብብቷ ሥር፣ ጆሮዋ ኋላ፣ ሁሉም ቋጠሮ። እኔ ምን አውቄ፤ ፀጉሬ ደርቆ እንቢ ሲል እናቴ ምን ታደርግልኝ ነበር?

ትርሲት፦ አላደረግሽውም!

አስካለ፦ ለጋ ቅቤ። ከአናቷ እስከ ጅራቷ።

ትርሲት፦ ኧረ በማርያም!

አስካለ፦ እንዲሰርጽ ብዬ ደግሞ በላስቲክ ሸፈንኳት።

ትርሲት፦ በድሬ ሙቀት?

አስካለ፦ ቀለጠ። ግማሹን ሶፋዬ ላይ ተንከባላ ቀባችው፣ ግማሹን ራሷ ላሰችው። ሆዷ ተነፍቶ ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት አብሬያት አደርኩ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከቤት ስንወጣ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ከኋላችን ተሰልፎ ነው። ባጃጅ እንኳ አይጭነንም ነበር፣ "እትዬ፣ ሽታው" እያሉ።

ትርሲት፦ ወይኔ ሆዴ፣ ወይኔ! ... እሺ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ቅቤውን ልሳ እንደዚያ የሆነች፣ ይሄን ቀለም ስትልሰው ምን ትሆናለች?

አስካለ፦ ትልሰዋለች እንዴ?

ትርሲት፦ ውሻ ናት እኮ። ስትቀቢያት "እስኪደርቅ ልታገስ" የምትል መሰለሽ? አንቺም ጆሮሽን ነክቶሽ ስንት ቀን አሳክኮሻል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።

አስካለ፦ እሱን አላሰብኩትም። ... ነይ የኔ እናት፣ ነይ። አንቺንስ አልገድልሽም።

ትርሲት፦ ጎሽ። አሁን ጎንበስ በይ፣ ያንቺን ልጀምር።

አስካለ፦ ትርሴ።

ትርሲት፦ አቤት።

አስካለ፦ ያልነገርኩሽ አለ።

ትርሲት፦ ሌላ ደግሞ? ዛሬስ ምን ጉድ ነው!

አስካለ፦ ፎቶዋን ላኪልኝ ይለኛል። መንጣት የጀመረች ሰሞን ምን ይለኝ ብዬ ፈራሁ። ይመለስ ይሆናል ብዬ ለጊዜው የቡችላነቷን ላክሁ። እንደገና ላኪልኝ አለ፤ እንደገና የቡችላነቷን። ከዚያማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።

ትርሲት፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ቡችላ?

አስካለ፦ እንዳይነቃ አንዳንዱን በጎን እቆርጠዋለሁ።

ትርሲት፦ እሱስ ምን ይላል?

አስካለ፦ "አቤት ስታምር!" ይላል።

ትርሲት፦ አይ የዋህ! ... የራስሽንስ?

አስካለ፦ የራሴን ምን?

ትርሲት፦ ፎቶ ነዋ። መቼም የውሻ ብቻ አይደለም የሚጠይቅሽ።

አስካለ፦ ... የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ የተነሳሁትን።

ትርሲት፦ የትኛዋ? የሐረሯ? አስካለ! ያቺ ሙሽራ እኮ ልጇን ትምህርት ቤት አስገብታለች!

አስካለ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። እኔ ግን የምሬን ነው። ሲሄድ ዓይኑ ሞራ ነበረበት፣ ታውቂያለሽ። ሰው በድምፁ ነበር የሚለየው። እኔን የወደደኝ በዚያ ዓይኑ ነው፣ ትርሴ። አሁን ታክሞ፣ በርቶለት ነው የሚመጣው። ፈርቻለሁ። ባሌ ጌታሁን ካረፈ ወዲህ በሬን አንኳኩቶ "እንዴት አደርሽ" የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። የሄደ ጊዜ ጠዋት ጠዋት በሩን እያየሁ ስቀመጥ አጠገቤ የነበረችው ይቺ ናት። ከሰዓት በሩን ስከፍትለት መጀመሪያ ውሻዋን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል። ፊቱ ትንሽ እንኳ ቅር ቢለው፣ አውቀዋለሁ። እሱ ዝም ቢል እንኳ አውቀዋለሁ።

ትርሲት፦ ... ነይ እስቲ አታልቅሺ። ቀለሙን ታቀጥኝዋለሽ።

አስካለ፦ አላለቀስኩም። የቀለምሽ ሽታ ነው።

ትርሲት፦ ስልክሽ ይጮኻል።

አስካለ፦ ወይኔ! እሱ ነው! አዲስ አበባ ገብቷል ማለት ነው።

ትርሲት፦ አንሺዋ!

አስካለ፦ በቪዲዮ ነው እኮ የደወለው! በዚህ አናቴ?

ትርሲት፦ ካሜራውን በጣትሽ ያዢው። አንሺ፣ ይዘጋል!

አስካለ፦ ሃሎ! ደረሰ! እንኳን ለአገርህ አበቃህ! ... አልታይህም? ኔትወርክ ይሆናል። ... ጣት? የምን ጣት? ጨለማ ነው እንጂ። መብራት ጠፍቶ ነው። ...

ትርሲት፦ በጠራራ ፀሐይ?

አስካለ፦ ዝም በይ አንቺ! ... አንተን አይደለም ደረስዬ። ... አዎ፣ እሷ ናት የምትጮኸው። ድምፅህን ለይታ ነው፣ ስልኩን ልትበላው ነው! ... ምን? ... ማን ሞተች አለህ? ... ኧረ አለች! ... ኧረ እሷው ናት፣ ሌላ አልለቀምኩም! ማን ነገረህ? በላይነሽ ናት? ... እ? ... ታዲያ በምን? ... እ። ... እ። ... ከመቼ ጀምሮ? ... አዎ። አገጯ ላይ ነው የጀመራት። ... አዎ፣ አሁን ሁለመናዋ። ... እሺ። ... እሺ ደረሰ። ... አልረሳሁትም፣ ይዤዋለሁ። ... ደህና ግባ።

ትርሲት፦ ምን አለ? ተናገሪ እንጂ!

አስካለ፦ ሞታለች ብሎ አልቅሶላታል።

ትርሲት፦ ማን? ለማን?

አስካለ፦ ደረሰ፣ ለጥቁሪት። የከረመበት ቤት እናቷ አለች። እሷም ከሰል ሆና ተወልዳ፣ ዓመት ሳይሞላት አመድ የመሰለች ናት አለኝ። የጥቁሪት ወንድሞችም ያው። ሁሉም በዓይኑ ፊት ሲነጡ፣ እኔ እዚህ ከሰል የመሰለች ቡችላ እልክለታለሁ። "እንዳላዝን ብለሽ መሞቷን የደበቅሽኝ መስሎኝ እኮ ነው፤ እንዳላሳፍርሽ ብዬ አቤት ስታምር እልሽ ነበር" አለኝ።

ትርሲት፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! ሁለታችሁም ተያይዛችሁ?

አስካለ፦ አለች ስለው የጮኸውን አልሰማሽም? ሰው መሃል ቆሞ "ነጣች ወይ? ንገሪኝ፣ ነጣች ወይ?" ይላል እንደ ሕፃን። ነጥታለች ስለው "ተመስገን!" ብሎ ሳቀ። ለበላይነሽም አሁኑኑ የእናቷን ፎቶ ልልክላት ነው፣ አፏን ትዝጋ አለ።

ትርሲት፦ ያንቺንስ ፎቶ ነገር አነሳ?

አስካለ፦ አላነሳም። እኔም አላነሳሁ።

ትርሲት፦ "ይዤዋለሁ" ያልሽውስ ምኑን ነው?

አስካለ፦ መልሴን ነዋ። እንዳትረሺው አለኝ።

ትርሲት፦ እና?

አስካለ፦ እና ምን? ለውሻ ያለቀሰ ሰው እንቢ ይባላል? እሺ ልለው ነው።

ትርሲት፦ እልልልል! ይሄማ ሊጨፈርለት ነው! በቃ፣ ይሄን ቀለም ልድፋው።

አስካለ፦ ምን?

ትርሲት፦ ልድፋው እንጂ! ውሻዋ ነጥታለች ስትይው የሆነውን ራስሽ ነገርሽኝ። ይሄ ሰው መንጣት የሚያስደነግጠው አይነት አይደለም። ታጥበሽ፣ ፀጉርሽን ተሠርተሽ፣ እንዳለሽ ቁሚለት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ እህቴ።

አስካለ፦ ትርሲት! እሱን ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጪ!

ትርሲት፦ ለምን ሲባል? ለእሷ ያልደነገጠ ላንቺ ይደነግጣል?

አስካለ፦ ለእሷ ያልደነገጠው እናቷን ስላየ ነው። የኔን እናት የት ያውቃታል? ቀቢኝ!