«የሐይቁ መንገድ» የተባለው ባለ 214 ፍሬ የአንገት ዶቃ

የምስክር መጠሪያ፦ በሰፈሩ «እመት ዶቃ» የሚሏት
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ የዶቃ ጌጣጌጥ መሥራት
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ በእደ ጥበብ ትርኢቱ አዳራሽ ሰልፍ ይዤ ሳለሁ፣ ከፊቴ የቆሙ ሁለት ሴቶች «ይህች ሴትዮ ያላየችው አገር የለም» ሲባባሉ ሰማሁ። የተባለላት የባሌ እህት ናት። ነገሩን ለማጣራት በጣቴ ቆጠርኩ። ያየቻቸው አገሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የተወለደችበት ነው። ሁለተኛው ሐይቁ ያለበት ከተማ ሲሆን፣ ወደዚያም አብረን ነው የሄድነው።

ጠረጴዛዋ ጋ ስደርስ «የሐይቁ መንገድ፣ አንደኛ» የሚል ካርድ ከእርሷ ስም ጋር ተለጥፎ፣ ዶቃውን አንገቷ ላይ አጥልቃ አየኋት። ከሦስት ሳምንት በፊት «ለሰርግ ልዋሰው» ብላ ከቤቴ የወሰደችው ነው። አንደኛ የወጣ ሰው ከነሥራው ወደ ባሕር ማዶ ትርኢት ስለሚላክ፣ ዝም ብል ኖሮ መንገዴን ይዛብኝ ትሄድ ነበር።

የእኔ መሆኑን የማውቀው እንደሚከተለው ነው። ዶቃ የምደረድረው እንደ መንገድ ነው፤ መቆለፊያው መናኸሪያው ነው፣ ከዚያ ወደ ግራ ይነበባል። አሥራ ዘጠኙ ቡናማ የሸክላ ፍሬ የጡብ ፋብሪካው ነው። አርባው አረንጓዴ ብርጭቆ ማሳው ሲሆን፣ በመካከሉ ያሉት ሁለት ነጭ ፍሬዎች በበሬ ጀርባ ላይ የቆሙ ወፎች ናቸው። ቀይዋ አንዲት ፍሬ ጎማ የፈነዳበት ቦታ ናት። ሰማያዊው ሐይቁ ነው፤ ከመታጠፊያው በኋላ ድንገት ነው የሚመጣው። ክሩንም በየአሥራ አንድ ፍሬው ሁለቴ እቋጥራለሁ፤ ቢበጠስ ሰው ከአሥራ አንድ በላይ እንዳይለቅም ብዬ ነው።

«አውልቂ» አልኳት።

«እትዬ፣ በሰው ፊት ልታንቂኝ ነው?»

«አንገትሽ ይቅርልሽ፣ ዶቃዬን ስጪኝ» ብዬ ያዝኩት። እርሷም «እጅሽ ሠራው እንጂ መንገዱ የማን ነው?» አለችኝ። እልህ ይዞኝ ጎተትኩት፤ እርሷም ጎተተች። ጥበቃው መጥቶ ለየን። ሁለታችንም ስንጎትተው ያልተበጠሰው በቋጠሮዬ ምክንያት ነው። ጌጡ አሁን በጣቢያው በኤግዚቢትነት ተይዟል።

ባለቤቴ ትናንት «እባክሽ ገመናችንን አደባባይ አታውጪ» ብሎኛል። አደባባይ ያወጣችው እህቱ መሆኗን፣ ወጥቶም አንደኛ መሆኑን ነግሬዋለሁ። አቤቱታዬን አላነሳም። ካርዱ ላይ የእኔ ስም እስኪጻፍ ድረስ በየጠዋቱ እዚህ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ፤ መርፌና ክሬን ይዤ መጥቻለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ አንድ ፍሬ እንዳልተጨመረበትና እንዳልጎደለበት ሰምቼ፣ እውነት ስለሆነ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃል የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ መርማሪው በዚያ ጉዞ በመስኮት በኩል ማን ተቀምጦ እንደነበር ስለጠየቀኝ፣ የባሌ እህት እንደነበረች መልሻለሁ። እኔን መኪና ስለሚያመኝ፣ ስንሄድም ስንመለስም ፊቴን በሻርፕ ሸፍኜ ነበር። ማቅለሽለሹን እንድረሳው፣ እርሷ የምታየውን አንድ በአንድ ትነግረኝ ነበር።