ቪዛዬ ቀን እያለው

ለእህቴ ሠርግ ወደ አውሮፓ የአጭር ጊዜ ቪዛ ስጠይቅ፣ የኤምባሲው ሰውዬ ፓስፖርቴን አገላብጦ፣ «ኢትዮጵያዊት ነሽ፤ የምትኖሪው ሱዳን ነው። ታዲያ የምትመለሺው ወዴት ነው?» አለኝ። «ገዳሪፍ ነዋ። የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማው ይኸውልህ፤ የልብስ ስፌት ሱቄም እዚያው ነው» አልኩት። አመነኝና ቪዛውን ሰጠኝ። ያላመነኝ የገዛ ሰፈሬ ነው። እኛ ዘንድ አውሮፓ ገብቶ የተመለሰ ሰው ታይቶ አይታወቅማ። እያለቀሱ ሸኙኝ፤ ገና አውቶቡሱ ሳይርቅ ዕቃዬን ተከፋፈሉት።

ሠርጉን በልቼ፣ ጨፍሬ ተመለስኩ። ግቢ ስገባ ቁልፌን አደራ የሰጠኋት ጎረቤቴ ብርቄ አንገረቤ ላይ፣ ያቺ የጠፍር አልጋዬ ላይ ጋደም ብላለች። ስታየኝ አማተበች።

«አባረሩሽ እንዴ?»

«ማን ያባርረኛል? ሠርጉ አለቀ፣ መጣሁ።»

«ቪዛሽስ?»

«ገና ቀን አለው።»

«ቀን እያለው መጣሽ?» አለች። ከዚያ ብድግ ብላ አልጋዬን ተሸክማ ቤቴ አስገባችልኝ። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ አንዷ ድስቴን፣ አንዱ ወንበሬን ይዞ «ሐምዲላ አሰላማ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ» እያለ መጣ። እኔም ደጄ ላይ ቆሜ፣ የገዛ ዕቃዬን እንደ ሙሽራ ስጦታ ስቀበል አመሸሁ።