በግራ እጁ የባረከው ቄስ

የዲማው የኔታ ደብረ ማርቆስ የስልክ መጠገኛ ሱቄ ድረስ አንድ ጥቅል ፊልም ይዘው ከች አሉ። ድሮ አንድ ፈረንጅ የቀረጸው ነው። "ጨቅላ ሳለሁ የሞተው ቄሱ አባቴ እዚህ ውስጥ አለ አሉኝ፤ ፊቱን አላውቀውም። ስልክ ላይ አውጣልኝ።" እኔ ደግሞ አልችልም ማለት መች አውቅበትና! ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ፕሮጀክተር አገኘሁ፤ አምፖሉ ስለተቃጠለ የባጃጅ የፊት መብራት ገጠምኩለት። አንሶላ ወጠርኩና ፕሮጀክተሩን ከጀርባው፣ ስልኬን ከፊቱ አቆምኩ። የፕሮጀክተሩ ሞተር ተንተከተከ፤ መስቀል የያዘ ቄስ አንሶላው ላይ ብቅ አለ! በደስታ ልጮህ ስል የኔታ ቀደሙኝ።

"አጥፋው! አባቴ አይደለም!"

"ፊቱን አላውቀውም አላሉኝም እንዴ?"

"አንተ! ቄስ በግራ እጁ ሲባርክ የት አየህ?"

ለካ ፊልሙን ከአንሶላው ጀርባ ስለለቀቅኩት ግራና ቀኙ ተገላብጧል! እየሳቅኩ ፕሮጀክተሩን ወደ አንሶላው ፊት አዞርኩት፤ መስቀሉ ቀኝ እጅ ገባ። የኔታ ብድግ ብለው አንሶላው ፊት ጎንበስ አሉ። የአባታቸው መስቀል ነጭ ጥምጣማቸው ላይ አረፈ።

"የኔታ፣ ስልኩ እየቀዳ እኮ ነው፣ ገቡበት! ድጋሚ ልቅዳው?"

"እንዳትነካው! ከአባቴ ጋር የተነሣሁት እሱን ብቻ ነው።"