ሸማኔው ፊት ቁጭ

ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣትና ጋቢ የደረቡ አሮጊት ያወራሉ።

«እማማ፣ ለአባቴ በቴሌግራም ከአንዲት ነጋዴ የገዛሁት ጋቢ ገና አንዴ ሳጥበው ወንፊት ሆነ። ሌላው እንዳይታለል ልጻፍባት እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ እንጀራዋ ነው እላለሁ።»

«ለራሷ ነገርሻት?»

«ብነግራት ብሎክ አደረገችኝ።»

«በእኛ ጊዜ የሳሳውን ጋቢ ለብሰን፣ ገበያ መሐል ሸማኔው ፊት ቁጭ እንል ነበር። ትንፍሽ አንልም። እሱው ያፍራል።»

«ከዚያስ?»

«ይለውጣል። አንዱማ አፍሮ የገዛ ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ።»

«ይኼ የለበሱት ነው?»

«እሱው ነው። ነፍሱን ይማረው።»

«እኔስ የት ሄጄ ልቀመጥ?»

«እዚያው ስልክሽ ላይ ተቀመጪባት። እውነቱን ብቻ ጻፊ፤ ስድብ አትጨምሪ።»

ስንወርድ፣ በግፊያው መሐል የአሮጊቷን ጋቢ ጫፍ ቀስ ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት።