ከመሬት ብድግ ያለው ገንዳ እና የዜሮ ዶላሩ መስመር

ኬፕ ኮራል፣ እኛ መንገድ ላይ፣ ሁለት ጎረቤታሞች የፖስታ ሣጥናቸውን በተራ ይከፍቱ ነበር። ኦርቪል ታኬት ከቤቱ ብቅ ሲል ዴልበርት ስኮጊንስ ይገባል፤ ዴልበርት ሲወጣ ኦርቪል ውሻውን ይዞ ከቤቶቹ ኋላ ወዳለው የውሃ ቦይ ይዞራል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖሩ። አንድ ማክሰኞ ግን ፖስተኛው አረፈደና ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወጥተው ተፋጠጡ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የሰው ጉዳይ ማዳመጥ አልወድም። ሆኖም የአጥር መከርከሚያ መቀሴን ዘይት መቀባት የነበረብኝ ልክ ያን ሰዓት ነው።

የጠባቸው መነሻ ኦርቪል ጓሮ ውስጥ ለማንም ይታያል። መዋኛ ገንዳ መሥራት የዴልበርት ሙያ ነው። ለኦርቪል ያማረ ገንዳ ሠርቶለት፣ «በዝናብ ወራት ውሃውን እንዳታፈሰው፤ ከሥር ያለው ውሃ ይገፋዋል» ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። ኦርቪል ደግሞ አርባ ዓመት የጀልባ ሞተር የጠገነ ሰው ነውና ስለ ውሃ ማንም እንዲያስተምረው አይፈልግም። በነሐሴ አንድ ጠዋት ገንዳው ባዶውን፣ ከነሸክላው ከመሬት ብድግ ብሎ ተገኘ። እስከ ዛሬ ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ እንደቆመ ነው። ኦርቪል «ውሃው በራሱ ሰርጎ ነው፤ ሥራው አይረባም» ብሎ የቀረውን አራት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ከለከለ። ዴልበርት ከሰሰ፣ ተፈረደለት፣ ዕዳውንም በቤቱ ላይ አስመዘገበ። ውሃ መሳቢያ ፓምፑን ያዋስኩት እኔ ስለሆንኩ በዚህ ላይ አስተያየት አልሰጥም።

ከዚያ የቤት ዋጋ ወደቀ። ኦርቪል ለትልቁ ባንክ ሁለት መቶ ሠላሳ ሺህ ዶላር አለበት፤ ቤቱ የሚያወጣው መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ነው። የእህቱ ልጅ ኮሪን የቤት ሽያጭ ሕግ ተምራለችና ገዢ አገኘች፤ ባንኩም የመጣውን ተቀብሎ ቀሪውን ሊተው ተስማማ። ይህን ያለው ግን ከእሱ ኋላ የተሰለፉት ባለገንዘቦች፣ ማለትም ሁለተኛው አበዳሪና ዴልበርት፣ በድምሩ ከስድስት ሺህ ዶላር በላይ ካላገኙ፣ እስከ ዓርብም ፈርመው በቤቱ ላይ ያላቸውን መያዣ ከለቀቁ ብቻ ነው። አለበለዚያ ሰኞ ሐራጅ ነው። ኦርቪል የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ምንም ዕዳ ሳይከተለው ኬንታኪ ሄዶ ከእህቱ ጋር ማርጀት።

ኮሪን ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ መኪናዋን መንገዱ መሐል አቁማ ወረደች።

«እባካችሁ እንዳትነቃነቁ። ሚስተር ስኮጊንስ፣ አንድ ሺህ ዶላር ይቀበሉና ዕዳውን ይዝጉልን።»

«ከአራት ሺህ ሁለት መቶው?» አለ ዴልበርት። «ለአጎትሽ ንገሪልኝ፤ ከዚህስ ባዶ እጄን ብቀር ይሻለኛል።»

«ባዶ እጅማ ተዘጋጅቶልዎታል» አለች በትሕትና። «በሐራጁ መጀመሪያ የሚወስደው ትልቁ ባንክ ነው። ከእሱ ከተረፈ ሁለተኛው አበዳሪ፣ ከዚያ እርስዎ። ከመቶ አሥራ ሁለት ሺህ ላይ ሁለት መቶ ሠላሳ ሺህ ሲነሳ ስንት ይደርስዎታል?»

ዴልበርት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አሰበ። ለማሰብ የፈለገው ጊዜ ከሚገባው በላይ ነበር።

«ቤቱ ላይ ያስመዘገቡትም ይሰረዛል» ብላ ቀጠለች። «አጎቴን ኬንታኪ ድረስ ማሳደድ ይችላሉ። እዚያ የሚያገኙት አንድ ጡረተኛና አንድ ውሻ ነው።»

«ውሻው ይናከሳል» አለ ኦርቪል ወደ ሰማይ እያየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ከሰልፉ ኋላ የቆመን ባለገንዘብ ይንቃል። እሱ ግን ገንዘብ ባያገኝም ፊርማውን በመከልከል ሽያጩን ማፍረስ ይችላል። ስለዚህ በአክብሮትም በቁጥርም ሊያናግሩት ይገባል።

«ሁለተኛው አበዳሪ እንኳ ለቆ የለም እንዴ?» አለ ኦርቪል። «ደብዳቤው ከመጣ ሳምንቱ።»

«ያንን መለስኩት አጎቴ። የሚለው ‹የቤቱን መያዣ ለቀናል› ነው፤ እርስዎን አልለቀቁም። ከሽያጩ በኋላ ቀሪውን ሠላሳ ስድስት ሺህ ኬንታኪ መጥተው ይጠይቁዎት ነበር። ትናንት ‹በአምስት ሺህ ዶላር ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል› ብለው ጻፉ። እቺን ቃል ለማስገባት አሥራ አንድ ጊዜ ደውያለሁ። ስልክ ላይ ሲያስጠብቁኝ የሚያሰሙኝን ሙዚቃ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ዴልበርት ጉሮሮውን ጠረገ። «መልካም። አንድ ሺው በወረቀት ይሁን። ሦስት ሺህ ሁለት መቶውን ሰውዬው በነጭ ፖስታ አድርጎ ይስጠኝ። ባንኩን ምን አገባው?»

ኦርቪል በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየው። «ይሄ የሰው ንግግር ነው። ሁለቱን ሞተሮቼን ሸጬ እከፍልሃለሁ።» እጁን ዘረጋ፤ ዴልበርትም ዘረጋ። ዕንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ኮሪን ግን የወረቀት ማኅደሯን በሁለቱ እጆች መሐል አስገባች።

«እጃችሁን ሰብስቡ። ባንኩ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ የሚተወው፣ ከሒሳብ መዝጊያው ወረቀት ውጪ ማንም ሳንቲም እንደማይወስድ አምኖ ነው። ሁለታችሁም እንደዚያ ብላችሁ ትፈርማላችሁ። ነጩ ፖስታ ማጭበርበር ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም ይከሰሳል።»

«በእኛ ጊዜ ሰው እጅ ከተጨባበጠ አለቀ» አለ ኦርቪል።

«የገንዳውም ውል በእጅ መጨባበጥ ነበር አይደል? ‹ውሃውን አታፍስስ› የተባለውም በቃል። ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ፖስታ ለማውጣት ባልተደባበቃችሁ።»

ከመኪናዋ ኋላ የቆመ አንድ አሽከርካሪ ጥሩምባ ነፋ፤ ማንም አልሰማውም።

«እሺ» አለ ዴልበርት ቀስ ብሎ። «አንድ ሺህ ይሁን፤ ዕዳው አለቀ። ግን ውሃውን ማን እንዳፈሰሰው ይናገር። ሥራህ አይረባም ተብዬ ሦስት ዓመት ደንበኛ አጥቻለሁ።»

«ይሄ ገንዘብ ስላልሆነ በቃል ይበቃል» አለች ኮሪን። «አጎቴ፣ ይናገሩ።»

ኦርቪል ፊቱ ቀላ። ወደ እኔ ሲመለከት ዘይት መቀባቴን አጠናከርኩ።

«አይሆንም» አለ በመጨረሻ። «ከወረቀቱ ውጪ ምንም የለም ብለሽ አሁን አስተምረሽኛል። ካልተጻፈ አልናገርም።»

ብልሃቱ ወዲያው ገባኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ቢሮ አይገኝም ብሎ ነው።

ዓርብ ዕለት ሽያጩ ወደሚፈረምበት ቢሮ በምስክርነት ሄድኩ። ሒሳቡን የምትዘጋው ሴት ቀና እንኳ ሳትል መጻፍ ጀመረች። «ለዴልበርት ስኮጊንስ፦ የገንዳውን ውሃ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። 0.00 ዶላር።» ወረቀቱን ለባንኩ በፋክስ ላከችው። ሽያጩን ለማጽደቅ አራት ወር የፈጀው ባንክ ይህን በአርባ ደቂቃ አጸደቀው።

ኦርቪል መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ፈረመ። «ደግ አላደረግሁብህም፣ ዴልበርት» አለ።

«ነግሬህ ነበር» አለ ዴልበርት፤ ድምፁ ግን ለስልሶ ነበር።

ሴትየዋ ጣቷን የኮምፒውተሯ ቁልፎች ላይ እንዳደረገች ጠየቀች፦ «ይሄስ ይግባ?»

ኦርቪል ኬንታኪ የገባው ማንም ሳያሳድደው ነው። ዕቃውን መኪና ላይ የጫነለት ዴልበርት ነበር፤ ደንበኞቹም ተመልሰውለታል። ዕዳ ያጎበጣችሁ ጎረቤቶቼ ሆይ፣ ከኋላ የቆመውን አትሽሹት፤ አነጋግሩት፤ የተስማማችሁበትንም ሁሉ አስጽፉ።

ዴልበርት የአንድ ሺህ ዶላሩን ቼክ ምን ላይ እንዳዋለው አያስታውስም። ወረቀቱን ግን በፍሬም አድርጎ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ባለፍኩ ቁጥር ገብቼ አነበዋለሁ። ፓምፕ ስላዋሰ ሰው አንድም ቃል የለበትም፤ ከወረቀቱ ውጪ ደግሞ ምንም የለም።